ወገቡን እንደ ድር ያስወጠረው ሸማኔ

በእኛ አገር የሚቸኩል ሰው ሲገኝ ሽማግሌዎች አይቆጡትም። አንዲት አጭር አባባል ጣል ያደርጉበታል፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ ይስቃል፣ ቀጥሎም ቀስ ይላል። አባባሏን የማያውቃት የለም። ከየት መጣች ብላችሁ ብትጠይቁ ግን አንዱ ከመጽሐፍ ናት ይላችኋል፣ ሌላው ከንጉሥ አፍ የወጣች ናት ብሎ ይከራከራል። ከሁለቱም አይደለችም። የመጣችው ከአንድ ሸማኔ ወገብ ነው።

ሸማኔው ማንያዘዋል ይባላል፤ አገሩ ሾላ ምንጭ ነው። አባቱ ስሙን ሲያወጡለት ምን አስበው እንደሆነ እንጃ፣ ሰውየውን ግን እውነትም ማንም አይዘውም ነበር። ወጡ ሳይበርድ ጎርሶ ምላሱን ይለበልባል። ለቅሶ ቤት ገብቶ መቀመጫው ሳይሞቅ «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ ይወጣል። ሚስቱ የሻረግ ገና ነገር ስትጀምር «ገብቶኛል» ይላታል፤ ምን እንደገባው ግን አንድም ቀን ነግሯት አያውቅም።

በሥራው ላይ ይኸው ችኮላ ክብሩ ነበር። ሌላው ሸማኔ በሳምንት የሚጨርሰውን ጋቢ እሱ በሦስት ቀን ይጨርሰዋል። ማለዳ ከሽመናው ጉድጓድ ገብቶ እግሮቹን መርገጫው ላይ ካሳረፈ፣ ምሳውን እዚያው ጎርሶ፣ ውሃውን እዚያው ጠጥቶ፣ የሚወጣው ድሩ ለዓይን ሲጨልምበት ብቻ ነው። ወገቡ እንደ ማጭድ ጎብጦ፣ መወርወሪያው ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው ሲበር፣ ከገበያ የሚመለስ ሰው ሁሉ በሩ ላይ ቆም ብሎ ያየው ነበር።

ከመንደሩ ማዶ ጋሽ ዘለቀ የሚባሉ ሌላ ሸማኔ ነበሩ። ዕድሜያቸው ከማንያዘዋል በአሥር ዓመት ይበልጣል፤ እጃቸው ዝግ ያለ ነው። ማንያዘዋል ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ይቀልድባቸዋል። «ጋሽ ዘለቀ የሕፃን ማዘያ ጀምረው እስኪጨርሱ ሕፃኑ ሚስት አግብቶ ይጠብቃቸዋል» ይላል። ሰው ይስቃል፤ እሳቸውም ከሰው ጋር ይስቃሉ።

እንደ እውነቱ ከሆነ ወገቡ ማንያዘዋልን ሳያስጠነቅቀው አልያዘውም። ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ከመኝታው ሲነሳ ጨምደድ ያደርገው ነበር። ቀኝ እግሩ ይደነዝዛል፤ ከጉድጓዱ ሲወጣ እንደ ግመል በየተራ ነው የሚነሳው፣ መጀመሪያ ከኋላ፣ ቀጥሎ ከፊት። «ብርድ ነው» ይልና ያልፈዋል።

በገና ማግስት ማጉ የተጠቀለለበት ቀሰም ከእጁ አምልጦ ወደቀ። ለማንሳት ጎንበስ አለ። ቀሰሙን አነሳ፤ ራሱን ማንሳት ግን አቃተው።

«የሻረግ!»

«አቤት!»

«ነይ አውጪኝ!»

«ከምኑ?»

«ከጉድጓዱ ነዋ!»

የሻረግ መጥታ አየችው። አፍንጫው ጉልበቱን ሊነካ ምንም አልቀረው። ልትደነግጥ ፈልጋ ሳቋ ቀደማት። «ሃያ ዓመት ሙሉ ውጣ ስልህ እምቢ ያልከው ጉድጓድ፣ ዛሬ እሱ አልለቅህም አለ?»

ማንያዘዋል ሊስቅ ሞከረ። ሳቁ ወገቡ ላይ ሲደርስ ወደ ጩኸት ተለወጠ። ያኔ ነው የሻረግ ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ያወቀችው።

ሕመሙ ከወገቡ ይነሳል፤ በቀኝ መቀመጫው አልፎ፣ በጭኑ ኋላ ወርዶ፣ ባቱን ሰንጥቆ ተረከዙ ላይ ያርፋል። የጋለ ወስፌ ከላይ እስከ ታች የሚሰዱበት ይመስለዋል። ሲቀመጥ ይብስበታል። ሲተኛ ጎን ያጣል። ሊያስነጥሰው ሲል አስቀድሞ ግድግዳ ይይዛል። ጠያቂው ይጎርፋል፤ መድኃኒት ሳይዝ የመጣ ጠያቂ ግን አልነበረም። አንዷ የጋለ ጨው በጨርቅ ቋጥረህ ተኛበት አለችው። ሌላዋ ፌጦ ወቅጠህ ለጥፍበት አለች። አንዱ ደግሞ ነጭ ሽንኩርት በማር ብላ አለው። ማንያዘዋል ነውና ሁሉንም በአንድ ቀን አደረጋቸው። ጨው ያቃጠለውን ቆዳ ፌጦው ሲደርስበት፣ የጠያቂዎቹን ስም እየጠራ ረገማቸው።

ያስቸኮለው ግን ሕመሙ ብቻ አልነበረም። ድሩ ላይ ተወጥሮ የቀረው የአንድ ልጁ የእልፍነሽ የሠርግ ቀሚስ ነው። ሠርጉ የአስተርዮ ማርያም ማግስት ሲሆን፣ ሃያ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ጥለቱ ገና ከግማሽ አላለፈም። እሱ ደግሞ ለአማቹ፣ ለሙሽራው አባት ለአቶ ሸዋንግዛው በሽማግሌ ፊት «ልጄ የምትለብሰው ቀሚስ ከእኔ እጅ በቀር የማንም እጅ የማይነካው ነው» ብሎ ተናግሯል። ቃሉን ባሰበ ቁጥር ወገቡ ይበልጥ ይጠዘጥዘዋል።

በአራተኛው ቀን ዱላ ተደግፎ ወደ እማማ ደብሪቱ ሄደ። እማማ ደብሪቱ የአገሩ ወጌሻ ናቸው፤ የወለቀውን መልሰው፣ የተሰበረውን አስረው፣ የዞረውን አሽተው ያረጁ ሴት። በሆዱ አስተኝተው በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«እዚህ?»

«ኧረ!»

«እዚህስ?»

«ኧረ በማርያም!»

«አጥንትህ አልወለቀም። የተቆጣው ጅማትህ ነው» አሉት እጃቸውን እየጠረጉ። «በየሁለት ቀኑ እየመጣህ በለጋ ቅቤ አሽሃለሁ። ጠዋትና ማታ ቀስ እያልክ እስከ ምንጩ ሄደህ ትመለሳለህ። እሱ ቀና ቀና ያደርግሃል። ከጉድጓዱ ትርቃለህ። ሲሻልህም ጥቂት ሠርተህ ትነሳለህ እንጂ እንደ ድሮው ቀኑን ሙሉ ተጎልተህ አትውልም።»

«ለስንት ቀን?»

«አርባ ቀን።»

ማንያዘዋል በክርኑ ቀና አለ። «አርባ! ልጄን ልድር እኮ ነው እማማ!»

«ወገብህ ጥሪው አልደረሰውም መሰለኝ።»

ትንሽ አሰበ። «እንዲህ እናድርገው። ቅቤውን አሁኑኑ በአንድ ቅል አስመጣለሁ። የአርባውን ቀን እሽት ዛሬ ይሹኝ።»

እማማ ደብሪቱ ሳቁ። «የዐቢይ ጾምን በአንድ ቀን ጾመህ ትጨርሳለህ?»

«ቢፈቀድማ እጨርሰው ነበር» አለ፤ እውነቱን ነበር።

ምንም ቢለምን እሺ አላሉትም። የዚያን ቀኑን ብቻ አሽተው ሰደዱት። ማንያዘዋል ዱላውን እየተከለ ወደ ቤቱ ሲመለስ ይብሰለሰል ጀመር። የሸማኔ ሐሳብ መጣለት። ፈትል ሲኮማተርና ሲጎብጥ ሸማኔ ምን ያደርገዋል? በችካል ወጥሮ ይስበዋል። ተስቦ ያልተቃና ፈትል አይቶ አያውቅም። ታዲያ ወገብስ ያው ጅማት አይደል? ጅማትስ ያው ፈትል አይደል? ይህንን ሳያስቡ ያረጁትን ሴትዮ አሰባቸውና አዘነላቸው።

ጎረቤቱ ኮስትሬ ፈላጭ ነው፤ ግንድ በምሳር የሚሰነጥቅ። ጉልበቱ የበሬ፣ ልቡ የሕፃን ነው። የነገሩትን ይፈጽማል፤ ያልነገሩትን አያስብም። ማንያዘዋል የሻረግና እልፍነሽ ለሠርጉ በርበሬ ሊገዙ ገበያ የወረዱበትን ቀን ጠብቆ አስጠራው። እጆቹን በነጠላ ከቤቱ ምሰሶ ጋር አሳሰረ። ቁርጭምጭሚቶቹን በገመድ አስጠፈረና የገመዱን ጫፍ ለኮስትሬ አስያዘው።

«እንግዲህ ስማኝ» አለው መሬት ላይ በጀርባው ተንጋሎ። «ሳብ እስክልህ አትሳብ። ከሳብክ በኋላ ግን ቀጥ እስክል እንዳታቆም። ባለ ጥለት ጋቢ እሸልምሃለሁ።»

«እሺ ጋሼ።»

«እጮህ ይሆናል። ብጮህም አታቁም።»

«እሺ።»

«አቁም ብልህም አታቁም።»

«እሺ።»

«በማርያም ብልህም አታቁም።»

ኮስትሬ እዚህ ላይ ገመዱን ላላ አደረገው። «በማርያም ካሉኝማ ጋሼ…»

«ማርያም ነገሩን ታውቀዋለች! ካቆምክ ጋቢው የለም። በቃ፣ ሳብ!»

ኮስትሬ ገመዱን ትከሻው ላይ አዞረ፤ እግሩን ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ጋር አጋጠመና ሳበ።

ማንያዘዋል በመጀመሪያ ጥርሱን ነከሰ። ቀጥሎ ቅዱሳንን በየስማቸው ጠራ። ቀጥሎ «አቁም!» አለ።

«አላቆምም ጋሼ፣ አይዞዎት!»

«ኧረ የእውነቴን ነው አቁም!»

«እንዲህ እንደሚሉኝም ነግረውኛል!»

«ጋቢውን ውሰደው! ሁለት ጋቢ ውሰድ! ብቻ አቁም!»

«ስጨርስ እወስዳለሁ!» አለ ኮስትሬ፤ የሁለት ጋቢ ነገር ሲሰማ ጉልበት ጨመረ።

ምሰሶው ሲጢጥ አለ። ከጣሪያው ጥላሸት ረገፈ። «በማርያም!» የሚል ጩኸት ከቤት ወጣ፤ ኮስትሬ አማተበና አንድ ጊዜ አጥብቆ ሳበ። ያን ጊዜ «ቋ!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

ገመዱ ረገበ።

«ጋሼ» አለ ኮስትሬ ቀስ ብሎ፣ «ከምሰሶው ነው ከእርስዎ?»

ማንያዘዋል «ፍታኝ!» አለ። እጆቹ ሲፈቱለት በኮስትሬ ትከሻ ተንጠላጥሎ ተነሳ። ቆመ። ቀጥ ብሎ ቆመ! ከስንት ዓመት በኋላ ይሁን እንጃ፣ ትከሻው ከዳሌው በላይ ቆመ። ሕመሙ የት እንደገባ አያውቅም፤ እግሩ የራሱ አልመስል ብሎት ነበር። በደስታ ወደ ውጭ ሲወጣ፣ ሁልጊዜ ጎንበስ ብሎ የሚያልፍበት የበሩ ጉበን ግንባሩን መታው። እሱ ግን ግንባሩን እንኳ አላሸም። እንደ ተሳለ ጦር ቀጥ ብሎ መንደሩን አቋርጦ ወደ እማማ ደብሪቱ ገሰገሰ።

እማማ ደብሪቱ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ጥጥ ይፈትሉ ነበር።

«አርባ ቀንዎ በአንድ ከሰዓት አለቀ!» አላቸው ገና ከአጥሩ ሳይገባ።

ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት። ግንባሩ ላይ ያበጠውንም አዩ። «እሰይ!» አሉት። «በል ተቀመጥና አጫውተኝ።»

«መቀመጡ ምን ያደርጋል፣ ሥራ አለብኝ።»

«ኧረ ትንሽ አረፍ በል፣ ልጄ።»

ሊቀመጥ ፈለገ። ጉልበቱ ታጠፈለት፤ ወገቡ ግን እምቢ አለ። በጎኑ ሞከረ፣ እምቢ አለ። ግድግዳ ይዞ ሞከረ፤ ላብ በጆሮ ግንዱ ወረደ።

«እንግዲያ መቀመጡ ይቅርና ይቺን እንዝርት አንሳልኝ» አሉት፣ እንዝርቷን ሆን ብለው ከእግሩ ሥር ጥለው።

ማንያዘዋል እንዝርቷን ቁልቁል አያት። ሩቅ ነበረች። ጠዋት መቃናት ያቃተው ወገብ አሁን መጉበጥ አቃተው። ቀስ ብሎ ዞረና ሳይሰናበት ሄደ፤ እማማ ደብሪቱም በዚያ ሰዓት አልሳቁበትም።

የሻረግና እልፍነሽ ከገበያ ሲመለሱ ግድግዳ ላይ እንደ ሞፈር ተደግፎ አገኙት። የሻረግ ገመዱን አየች፣ ነጠላውን አየች፣ ምሰሶውን አየች። ቆሞ እንዳለ አጎረሰችው። ወደ ማምሻው ላይ የተሳበው ሥጋ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተቆጣና ወገቡ እንደ ቡጢ ተጨበጠ፤ ሁለት ሰው ይዞ አልጋው ላይ ጣለው። ከዚያ በኋላ ስምንት ቀን በሰው እጅ ካልሆነ በቀር አልተገላበጠም። ኮስትሬ በማግስቱ ሊጠይቀው መጥቶ «ጋሼ፣ አላቆምኩም እኮ» ቢለው፣ «አላቆምክም፤ ባታቆም ነው እንዲህ የሆንኩት» አለና ጋቢውን አሰጠው። አንዱን ነው። ሁለተኛውን የሻረግ ከለከለች።

በስምንተኛው ቀን ማንያዘዋል ዓይኑን ጨፍኖ ተኝቶ ሳለ፣ እልፍነሽ ከመጋረጃው ወዲያ ለእናቷ ስትናገር ሰማት። «በድሮ ቀሚሴ እዳራለሁ፤ ምንም አይደል። አባዬ ቆሞ ይመርቀኝ እንጂ፣ ጥለቱ ምን ይሠራልኛል?» ድምፅዋ ተሰበረ። ማንያዘዋል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ያን ቀን ያስለቀሰው ወገቡ አልነበረም።

ሲረጋጋ ሚስቱን ጠራት። «ጋሽ ዘለቀን ጥሪልኝ።»

የሻረግ የምትሰማውን አላመነችም። «እንዲመጡ?»

«እንዲጨርሱልኝ» አለ፤ ቃሉ ከጉሮሮው እንደ ዓሣ አጥንት ወጣ።

ጋሽ ዘለቀ መወርወሪያቸውን በብብታቸው ይዘው መጡ። አልጋው አጠገብ ቆመው ትንሽ ካዩት በኋላ «የሕፃን ማዘያ ነው የምታሠራኝ?» አሉት። ማንያዘዋል ሳቅ እንዳያመው ትንፋሹን ያዘ። «የልጄን ቀሚስ ነው ጋሽ ዘለቀ። በድዬዎታለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ።» «የምን በደል ነው? እኔም እኮ ስቄያለሁ» አሉና ወደ ጉድጓዱ ገቡ።

ሽመናው ከአልጋው ትይዩ ስለሆነ ማንያዘዋል ከማየት በቀር ሥራ አልነበረውም። ጋሽ ዘለቀ ጥቂት ይሠራሉ፤ ይነሳሉ። ደጅ ወጥተው ግቢውን አንድ ጊዜ ይዞራሉ፣ ትከሻቸውን ያፍታታሉ፣ ተመልሰው ይገባሉ። ማንያዘዋል አልጋው ላይ ሆኖ ጥርሱን ያፋጫል።

«ተነሱ እንዴ?»

«ተነሳሁ።»

«አሁን እኮ ነው የተቀመጡት!»

«ሳትቆጣኝ ልነሳላት ብዬ ነው» አሉ ወገባቸውን መታ መታ አድርገው።

ሁለተኛውን ቀን ሙሉ ማንያዘዋል ጥርሱን አፋጨ። ሦስተኛው ቀን ላይ ዝም ብሎ ያያቸው ጀመር። ጥለቱ ዝግ ብሎ ያድጋል እንጂ አይቆምም፤ የተሳተ ክር የለም፣ ተመልሶ የሚፈታ የለም። እሱ በችኮላ ሠርቶ ስንቱን ጥለት ፈትቶ እንደገና እንደሠራ ትዝ አለው። በአራተኛው ቀን «ጋሽ ዘለቀ፣ ወገብዎን አሞዎት ያውቃል?» ብሎ ጠየቃቸው። ጋሽ ዘለቀ መወርወሪያውን አቁመው አሰቡ። «በልጅነቴ ከበቅሎ የወደቅሁ ጊዜ» አሉ።

እማማ ደብሪቱም በየሁለት ቀኑ ቅቤያቸውን ይዘው እሱ ዘንድ ይመጡ ነበር። የመጀመሪያ ቀን እጃቸውን ወገቡ ላይ ጭነው «ዛሬ አንድ» አሉ።

«እንዴ እማማ! ያለፈው አይታሰብልኝም?»

«ቢታሰብማ ከአርባው ላይ የሚጨመር ነው» አሉት።

ቀሚሱ ሠርጉ አራት ቀን ሲቀረው ከድሩ ወረደ። ተሰፋ። እልፍነሽ ለብሳው አባቷ ፊት ስትቆም፣ ማንያዘዋል ጥለቱ የሁለት ሰው እጅ እንደሆነ የሚለይበትን ቦታ በዓይኑ ፈለገው። እሱ አገኘው፤ ሌላ ሰው ግን አያገኘውም። ለአማቹም በሠርጉ ዕለት ገና ሰላምታ ሳይጨርሱ «አቶ ሸዋንግዛው፣ የተናገርኩት ቃል ታጥፏል፤ ግማሹ የጋሽ ዘለቀ እጅ ነው» አላቸው። አቶ ሸዋንግዛው ቀሚሱን አዩ፣ ሰውየውን አዩ። «እንኳንም ታጠፈ። ከቃልህ ጋር አንተም ባትታጠፍ ይሻልህ ነበር፤ ምነው እንዲህ ጎበጥክ?» አሉትና አቅፈው ሳሙት።

ኋላ አርባው ቀን ሲሞላ ማንያዘዋል ያለ ዱላ እስከ ምንጩ ሄዶ ይመለስ ነበር። ከዚያም ወደ ሽመናው ተመለሰ፤ ጥቂት ሠርቶ ይነሳል፣ ግቢውን ይዞራል፣ ይቀመጣል። ጋቢውንም በሦስት ቀን ሳይሆን በሳምንት ይጨርሳል። ይህ ሁሉ ግን በኋላ የሆነ ነው።

በሠርጉ ቀን ገና ዱላው እጁ ላይ ነበር። ሙሽሮቹን ቆሞ መረቀ፤ እልፍነሽ ጉልበቱን ስትስም እጁን ራሷ ላይ ጫነ። ከዚያ ከበሮው ተመታ። ዳሱ ሞቀ። ሰው ክብ ሠርቶ «የሙሽራዋ አባት ይግባ! የሙሽራዋ አባት ይግባ!» እያለ ያጨበጭብ ጀመር። የማንያዘዋል ትከሻ በራሱ ጊዜ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ወገቡ ግን ከትከሻው ጋር አልተስማማም። ዓይኑ ተቅበዘበዘ። ዱላውን እየተከለ በሰው መሀል እየተሹለከለከ እማማ ደብሪቱ ወደተቀመጡበት መደብ ደረሰ። በሹክሹክታ የሚናገር መስሎት፣ ከከበሮው በላይ ጮኸ።

«እማማ ደብሪቱ! በፈጠረዎት፣ እዚህችው ላይ አንድ ጊዜ ጫን ያድርጉኝ! ለዛሬ ብቻ ቀጥ ያድርጉኝ፤ ነገ ተመልሼ እጎብጣለሁ!»

ከበሮ መቺው እጁን አቆመ። አቶ ሸዋንግዛው ብርሌያቸውን እንደያዙ ቀሩ፤ የሻረግ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ዳሱ ሙሉ ሰው አሮጊቷን አያቸው። እማማ ደብሪቱ ግን አልተቻኮሉም። የያዙትን ጉርሻ አኝከው ዋጡ፣ እጃቸውን ጠረጉ፣ ማንያዘዋልን ከዱላው ጫፍ እስከ ጎበጠው ትከሻው ቀስ ብለው ተመለከቱትና፣ ዛሬ ሁላችንም የምንላትን ቃል ተናገሩ፦ «አይ ልጄ፣ በዓመት የጎበጠ በዕለት አይቃና!»